የቢቸና ውሾች በስማቸው የተጠሩ ዕለት

እዚሁ ሞጣ፣ ከቤቴ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰበሰቡ ወጣቶች አሉ። ሁሉም የሚመጡት ውሻ ይዘው ነው። መጀመሪያ ያየኋቸው ከዳቦ ቤት ስመለስ ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር ባጃጁን ዳር አቁሞ ከኋላ ወንበር ላይ ቡናማ ውሻ እንደ ክቡር ተሳፋሪ ሲያወርድ አየሁና ቆምኩ። ሌላው፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ነው መሰለኝ፣ ከረባቱን እንዳሰረ ተንበርክኮ በውሻው ጆሮ ውስጥ መዥገር ይፈልጋል። ፀጉሬን የምትሠራኝ ሕይወት ደግሞ ነጭ ቡችላ በነጠላዋ አቅፋ ቆማለች። አንዱ ስለ ክትባት ይጠይቃል፣ ሌላው ጥሩ አጥንት የሚሰጠው የትኛው ሥጋ ቤት እንደሆነ ያወራል፣ ውሾቹ ይሸታተታሉ፣ ባለቤቶቹም ቀስ በቀስ ከውሻው ወሬ ወደ ራሳቸው ወሬ ይሻገራሉ፤ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ለቀቀ፣ ማን ሥራ አገኘ። በስልክም ቡድን እንዳላቸው ሕይወት ነገረችኝ። ውሻ የጠፋበት ሰው ፎቶውን ይልካል፣ የቻለ ሁሉ ወጥቶ ይፈልግለታል።

“የዚህኛው ስም ማን ነው?” ብዬ ቡናማውን አሳየኋት።

“ሬክስ ነው፣ እማማ።”

“ምን ማለት ነው?”

“ምንም ማለት አይደለም። እንዲሁ ስም ነው።”

ሳቄ አላስቆም አለኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም ማለት ያልሆነ የውሻ ስም! በኔ ዘመን፣ በቢቸና፣ ምንም የማይል ስም ያለው ውሻ ቢገኝ ባለቤቱን ጎረቤት የማያውቀው እንግዳ ነው ይሉት ነበር። ልጆቹ ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቁኝ በአንድ ቃል የምነግራቸው አልሆነልኝም። ዳቦዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ልቤ ግን ያን የቢቸናን ቁልቁለት ሲወርድ ዋለ።

ያኔ ሃያ ዓመት አካባቢ ነበርኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወረድ ሲሉ፣ በሻይ ቤቱና በአያ ጥጋቡ ሥጋ ቤት መካከል፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ነበረች። የአባቴ የስፌት መኪና እዚያ ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ወረስኩት። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ቦላሌ ሱሪ ካላሰፋን የሚሉበት ጊዜ ነበር። ሸሚዙ ቴትሮን ጨርቅ፣ ኮሌታው የርግብ ክንፍ የሚያህል። ሴቶቹ ለዓመት በዓል አበባ ያለበት ፖፕሊን ይገዙና፣ ወገቡን ጠበብ አድርጊልኝ፣ እናቴ እንዳታውቅ ግን ትንሽ ብቻ፣ ይሉኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ያው በአሥር ሳንቲም። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈን ሲጀምር እግሬ የመኪናውን መርገጫ በዜማው ይረግጥ ነበርና፣ ዘፈኑ ከፈጠነ ስፌቴም ይፈጥናል። የዚያን ጊዜ የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ቀስ ያለ፣ አንዱ የፈጠነ ስፌት ቢኖረው ጥፋቱ የሬዲዮው ነው። ስለ መንግሥት የሚወራው ወሬ በሹክሹክታ ነበር፤ ስለ ልብስ የሚወራው ግን ጮክ ተብሎ።

ውሻ እንግዲህ በየቤቱ ነበር፤ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አልነበረም። ውሻ የግቢ ነው። በር ላይ ይተኛል፣ ፍርፋሪ ይበላል፣ ቤት ውስጥ ዘልቆ ከገባ “ክላ!” ተብሎ ይወጣል። አንድ ትልቅ ሥራ ግን ነበረው፤ መልእክት ማድረስ። ቢቸና ቅኔ አዋቂ ባይሆን እንኳ ቅኔ ያልሸተተው ሰው የለባትም። ጎረቤቱን ፊት ለፊት መስደብ ነውር ነው፣ እግዚአብሔርም አይወደውም። ውሻህን በስሙ ብትጠራ ግን ማን ይከስሃል? ጠላ የምትሸጠው እትዬ አንጓች ውሻዋን “ጠጥተህ ሂድ” አለችው። ጠጥቶ የማይነሣ ደንበኛ ሲያስቸግራት በሩ ላይ ቆማ ውሻዋን ትጠራለች፣ ሰውየው ባርኔጣውን ያነሣል። ከኛ ሰፈር አንዲት አማት ውሻዋን “ትስማ” ብላ ሰየመች፤ አብራት የምትኖረው ምራትዋ ከወላጆቿ ቤት ቡችላ አምጥታ “ሰምቻለሁ” አለችው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ለዓመታት በቃል ሳይጣሉ፣ ጠዋትና ማታ ውሻ እየተጣሩ ኖረዋል።

የኛ ቤት ውሻ ስም “ቀን አለው” ነበር።

ስሙን ያወጣችው እናቴ የሻረግ ናት። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ በክረምት፣ ጎረቤታችን አያ ይስማው የግቢያቸውን ግንብ ሲሠሩ የዝናቡን ቦይ ወደ እኛ አዞሩት። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ውኃ እንዳይገባው ብለው ነው። ውኃው ግን በእናቴ ጓሮ አለፈ፣ ጎመኗንና ድንቿን ጠርጎ ሄደ። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። አያ ይስማው ቦዩ ድሮም እዚያ ነበር አሉ። እናቴ ባሌ ቢኖር ይህን አትሉም ነበር ብላ ተነሥታ ወጣች። በዚያው ሰሞን የአያ ጥጋቡ ውሻ ወልዳ ስለነበር እናቴ አንድ ቡችላ አመጣች፣ ስሙንም “ቀን አለው” አለችው። ማታ ማታ በግንቡ ሥር ቆማ ትጣራለች፤ ቀን አለው! ቀን አለው! ወር ሳይሞላ አያ ይስማውም ከዚያችው ውሻ አንድ ቡችላ አስመጡ። በማግስቱ ከግንቡ ማዶ ድምፃቸውን ሰማን። ውሻቸውን “ይምጣ!” ብለው ይጣሩ ነበር።

እናቴ ያን ዕለት እራት አልበላችም።

ውሾቹ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸውና ነገሩን አልሰሙም። በግንቡ ሥር የውኃ መውጫ ቀዳዳ ነበረች፤ በዚያች አፍንጫቸውን አገናኝተው ቀኑን ሙሉ ተኝተው ይውላሉ። እናቴ ደጋግማ በድንጋይ ደፈነቻት፣ ቀን አለው ደጋግሞ ከፈታት።

አንድ የገበያ ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። ከገጠር የመጣ ያበደ ውሻ ለሀጩን እያዝረበረበ በከብት ገበያው መካከል አለፈ፣ ጥጃ ነከሰ፣ የአንድ ቄስ በቅሎ ነከሰ፣ ሰው እየተገፋፋ ሸሸ። ውሻውን ገደሉት። በሰንበቱ ማግስት በድምፅ ማጉያ ትእዛዝ ተነገረ፤ በሚመጣው ሳምንት በከተማው የሚገኝ ውሻ ሁሉ በመርዝ ይጠፋል፣ ልጅ ያለው ልጁን ይጠብቅ፣ ተባለ። ይህ ነገር ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ተደርጎ አይቼ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከመንገድ ዳር የተጋደሙትን ውሾች እያለፍን ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ አንዱም ልጅ ጮክ ብሎ አላወራም ነበር። አሁን ከበረንዳዬ ሆኜ ያን ትእዛዝ ስሰማ እጄ ከመርፌው ሥር ቀረ። እናቴም ያን ማታ ቀን አለውን ከራሷ ትሪ አጎረሰችው።

በማግስቱ የኔታ ካባቸውን ሊያሰፉ መጡ። የኔታ ከከተማው ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል የቅኔ ጉባኤ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። የቆሎ ተማሪና ውሻ ጠላት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻ ነው። የየኔታ ተማሪዎች ግን አንድ ቀን ሲለምኑ የተከተላቸው ውሻ ነበር፣ ሌሎቹን ውሾች እያባረረ ከየደጁ አደረሳቸው፣ ከዚያም ከጎጆው ደጅ ተኝቶ ቀረ። የኔታ ስሙን “ከልብ” አሉት። “ከልብ፣ ና” ሲሉ በግዕዝ “ውሻ፣ ና” ማለታቸው ይሁን በአማርኛ “ከልብህ ና” ማለታቸው፣ ተማሪዎቹ ተከራክረው አያበቁም ነበር። ሲጠይቋቸው ሰሙን ውሻው ይሰማዋል፣ ወርቁ ለእናንተ ነው ይሉ ነበር አሉ።

ያን ዕለት ከልብ ከበረንዳዬ በታች ተጋድሞ ነበር። ስለ ትእዛዙ ነገርኳቸው። የኔታ ወደ ከልብ አዩና፣

“ሰው ያለ ፍርድ ሲሞት ደሙ ደመ ከልብ ሆነ እንላለን” አሉ። “የከልቡ የራሱ ደም ሲፈስስ ምን ብለን ልናዝን ነው?”

ቀጥለው፣ በሽታው እውነት ነው፣ ትእዛዙን ያወጡትም ለሰው ነፍስ ፈርተው ነው፣ አሉኝ። ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለ ሲባል እንደሰሙ፣ የከብት ሐኪሙን የሚጠይቅ ሰው ግን እንዳላዩ ነገሩኝ። ካባቸውን ሰፍቼ ሳልጨርስ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተነሣሁ።

የከብት ክሊኒኩ ሐኪም አዲስ ሰው ነበር፤ አንዳርጌ ይባላል፣ የሞጣ ልጅ ነው። ካኪ ካፖርት ለብሶ የበሬ ምላስ ስቦ እያየ አገኘሁት። ነገሩን ነገርኩት። ክትባት ከደብረ ማርቆስ በበረዶ ሣጥን ማምጣት እንደሚቻል፣ ትእዛዙን ያወጣውን ቢሮ ኃላፊም ማነጋገር እንደሚችል ነገረኝ። ከዚያ የበሬውን ምላስ ለቆ ቀና አለ።

“ክትባቱን እኔ አመጣለሁ። ውሾቹን ግን ማን ይሰበስብልኛል?”

“እኔ” አልኩት። እንዴት እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። ሃያ ዓመቴ ነበር።

ኃላፊውም አንድ ነገር ፈቀዱ። የተከተበ ውሻ ከሩቅ እንዲታወቅ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ይደረግለት፣ ቀይ ያለው አይነካም፣ ቀይ የሌለው ግን በትእዛዙ መሠረት ይሄዳል፣ አሉ። ቀይ ፖፕሊን ቁርጥራጭ ከኔ በላይ ያለው ማን አለ? ጠዋት ማሰሪያ እሰፋለሁ፣ ከሰዓት በየቤቱ እዞራለሁ። መዞሩ ነበር የከፋው። ውሻ እንዳላቸው ካመኑ ግብር የሚመጣባቸው መስሏቸው፣ ሰው ሁሉ ይክደኛል። “የምን ውሻ? እኛ ቤት ውሻ የለም” ይሉኛል፣ ውሻው ከኋላቸው እየጮኸብኝ። አንዱ ሰውዬ ያ ጩኸት የጎረቤት ነው አለኝ፤ ውሻው በመካከል መጥቶ እግሩ ሥር ተኛ። እትዬ አንጓች ናት ነገሩን የፈታችልኝ። ጠላ ቤቷን ዘግታ አብራኝ መዞር ጀመረች። “ጠጥተህ ሂድ ከሞተብኝ እናንተን ማን ያስነሣልኛል?” ስትላቸው ወንዶቹ እየሳቁ አመኑ። ከዚያ አማቲቱ መጣች፣ ምራቲቱም መጣች፣ በአያ ጥጋቡ ሥጋ ቤት በር ላይ ማታ ማታ መሰብሰብ ጀመርን። በአንድ ገበያ የምንገበያይ ሰዎች፣ ስንት ዓመት ተላልፈን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመን አወራን። ወሬው ስለ ውሻ ይጀምራል፣ ስለ ልጅ ሕመም ያበቃል። አቤት ደስ ሲል!

የቀረው አንድ ቤት ነበር። እናቴ ወደ ግንቡ ማዶ እንዳልሻገር አስጠንቅቃኛለች። እኔ ግን ይምጣ ሞቶ ቀን አለው በግንቡ ሥር ሲፈልገው ለማየት ልቤ አልቻለም። አያ ይስማው ከመጋዘናቸው በር ላይ ጆንያ ሲያስቆጥሩ አገኘኋቸው። እንደ እንግዳ ነገር አዩኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ቆጠራውን አስቆሙ። ከዚያ፣ ውሾቹን በምን አስራችሁ ልታመጧቸው ነው፣ ብለው ጠየቁኝ። ያን አላሰብኩበትም ነበር። ገብተው የጆንያ ማሰሪያ ሲባጎ በጥቅል በጥቅል አወጡና ከትከሻዬ ላይ ጫኑልኝ። እናቴ ሲባጎውን ስታይ ከየት እንደመጣ አወቀች። አልጣለችውም፤ ለቀን አለው ግን ከሱ አልቆረጠችም፣ የራሷን መቀነት አሰረችለት።

የክትባቱ ዕለት ጠዋት የከብት ገበያው ሜዳ ላይ የተሰበሰበውን ጉድ እንዴት ልንገራችሁ። ገበያ ያልሆነ ቀን ነው፣ ሰው ግን ከገበያ ቀን በልጧል፤ ውሻ የሌለውም ሊያይ መጥቷል። ታስሮ የማያውቅ ውሻ ሁሉ በሲባጎ ተይዞ፣ አንዱ ባለቤቱን ይጎትታል፣ አንዱ ተጋድሞ አልነሣም ይላል፣ አንዱ ገመዱን በልቶ ጨርሷል። አንዳርጌ የበረዶ ሣጥኑን ከፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ።

“ውሻ የሚረጋጋው በባለቤቱ ድምፅ ነው። ስሙን እየጠራችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።”

ሰው ሁሉ ዞሮ ጎረቤቱን አየ። ምን እንዳዘዘን አላወቀም፣ የሞጣ ልጅ ነው። የከተማው ቂም ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ባለቂሙ ፊት ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ይጠራ ማለቱ ነበር። እትዬ አንጓች ቀድማ ገባች፣ “ጠጥተህ ሂድ፣ አይዞህ፣ ጠጥተህ ሂድ” ስትል ደንበኞቿ ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ። አማቲቱ አንገቷን ደፍታ “ትስማ” አለች፣ ከኋላዋ ምራቲቱ ውሻዋን አቅፋ “ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ” ስትል አማቲቱ ዞራ አየቻት፣ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ውሾቻቸው አመለጧቸው። አንድ አስተማሪ “ምን አገባህ” እያለ ይጣራል፣ አንዳርጌ የተቆጣው መስሎት ሐኪም ነኝ እኮ፣ አለው። የሰው ሳቅ ከውሻው ጩኸት በለጠ። ዓይኑን እየጠረገ የማይስቅ አልነበረም።

የእናቴ ተራ ሲደርስ ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም ነገሩን ያውቃልና። አያ ይስማው ከኋላዋ ይምጣን ይዘው ቆመዋል። ቀን አለው ትልቅ ውሻ ሆኖ ነበር፤ መርፌውን ሲያይ እንደ ወይፈን ተነሣ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ቀን አለው” አለች። አልሰማትም። መቀነቱ ተበጠሰ፣ እናቴም በጉልበቷ ወደቀች፣ አንገቱን ግን አልለቀቀችም። እኔ ማሰሪያዎቹን ጥዬ ስሮጥ፣ አያ ይስማው ይምጣን ለየኔታ ሰጥተው ቀድመውኝ ደረሱ። ከእናቴ ጎን ተንበርክከው ውሻውን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

“ቀን አለው” አሉ። “ቀን አለው፣ አይዞህ የኔ ልጅ።”

ውሻው ድምፁን በግንቡ ማዶ ዕድሜ ልኩን ሲሰማው የኖረ ነውና ጸጥ አለ። መርፌው ገባ፣ ወጣ። እናቴ አቧራዋን አራግፋ ተነሣች። ከየኔታ እጅ ይምጣን ተቀበለች፣ ራሱን ዳሰሰችው፣ ሁላችንም እየሰማናት በስሙ ጠራችው፤ “ይምጣ።”

የኔታ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “አሁን ገና ዐረፍተ ነገሩ ሞላ” አሉ።

የሜዳው እልልታ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተሰማ አሉ።

ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። መርዙ በሚጣልበት ቀን ጠዋት ተነሥቼ ጓሮ ብወጣ ቀን አለው የለም። ቀይ ማሰሪያው፣ ቆፍሮ ባሰፋት የግንቡ ቀዳዳ ድንጋይ ተይዞ፣ ተቀድዶ ቀርቷል። መርዝ የሚጥሉት ሰዎች ከላይ ሰፈር መጀመራቸውን ሰምተናል። እናቴ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ወደ መንገድ ወጥቼ መጣራት ጀመርኩ። አያ ይስማው ድምፄን ሰምተው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ፣ ምን ሆነሽ አላሉኝም፣ እሳቸውም መጣራት ጀመሩ። እትዬ አንጓች ወጣች። አያ ጥጋቡ ቢላዋውን አስቀምጦ ወጣ። አማቲቱና ምራቲቱ፣ አስተማሪው፣ የውሻ ሰው የተባለ ሁሉ በየመንገዱ ተበተነ፤ ቢቸና ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቃል ተሞላች። “ቀን አለው! ቀን አለው!”

አሁን እናንተ አስቡት። ዘመኑ ሰው ተሰብስቦ የማይጮኽበት ዘመን ነው። መስኮት ሲዘጋ ይሰማኛል፣ አንዱ ሱቅ ቶሎ በሩን ዘጋ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ደስ ብሎት አብሮን መጮኽ ጀመረ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዕዘን ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ጠመንጃውን ይዞ መንገዳችንን ዘጋ።

“ቁሙ። የምን ቀን ነው የምትሉት? ማን ነው ቀን ያለው?”

አያ ይስማው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ “ውሻ ነው፣ ልጄ” አሉት።

“የማን ውሻ?”

አያ ይስማው ወደኔ አዩ፣ መልሰው ወደ ልጁ አዩ።

“የኛ” አሉ።

ፖሊሱ አላመነም። ውሻውን ሳላይ አልለቃችሁም ብሎ ተከተለን፤ እንዲህ ሆነና እሱም አብሮን ፈላጊ ሆነ፤ ጥቂት ከሄድን በኋላ እሱ ራሱ ሲጣራ ሰማሁት። አያ ጥጋቡ ነው ያሰበው፤ ቀን አለው በክትባቱ ሰሞን ከከልብ ጋር ተላምዷል፣ ወደዚያ ሳይሄድ አይቀርም አለ። ወደ ባሕር ዛፎቹ ሮጥን።

ስንደርስ መርዝ ጣዮቹ ቀድመውን ደርሰዋል። ሁለት ሰዎች የሥጋ ከረጢታቸውን ይዘው ከየኔታ ጎጆ ፊት ቆመዋል። የኔታ ራሳቸውን ገልጠው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ያለ መጠምጠሚያ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ራሳቸው ትንሽ፣ ነጭና እንደ ሕፃን ራስ የሳሳ ነበር። መጠምጠሚያቸው ከቀን አለው አንገት ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ታስሯል፤ ጫፉ በእጃቸው ነው። ከሰዎቹ አንዱ በአክብሮት ነው የሚናገረው፤ ትእዛዙ ቀይ ነው የሚለው፣ ይህ ነጭ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ይላቸዋል።

“የታዘዝከውን አድርግ፣ ልጄ” አሉት የኔታ። “ከምትጥልለት ግን አስቀድመህ እኔን አቅምሰኝ።”

ሰውየው ከረጢቱን ወደ ኋላው ደበቀ። ፖሊሱ መጣና ውሻውን አየ፣ የኔታን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀይ ፖፕሊን በኪሴ ነበረኝ፤ አዲስ ማሰሪያ አሰርኩለት። መርዝ ጣዩ የየኔታን ጉልበት ሳመና ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ያን ዓመት በቢቸና ባለቤት ያለው አንድም ውሻ አልሞተም።

አያ ይስማው በዚያው ሳምንት ሠራተኛ አምጥተው ቦዩን በመንገድ በኩል አዞሩት። ማንም አልጠየቃቸውም። ግንቡንም ከቀዳዳዋ በላይ አፈረሱና ሰው የሚያሳልፍ በር አደረጉበት። የውሻ ሰዎቹ መሰብሰባችንን አልተውንም፤ እንደ ማኅበር በየወሩ በየቤቱ እንገናኝ ጀመር፣ የታመመ እንጠይቃለን፣ የሞተበትን እናጽናናለን፣ በየዓመቱም ውሾቻችንን ይዘን ሜዳው ላይ እንወጣለን። አንዳርጌ በየዓመቱ መርፌውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከዓመት ዓመት ግን መርፌ በማያስፈልግበት ጊዜም በበረንዳዬ በኩል ማለፍ አበዛ። ያልተቀደደ ካፖርት ጠግኚልኝ ማለት ጀመረ። ዛሬ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፤ ስለዚያ ካፖርት ሳነሣበት አሁንም ያፍራል።

አንዳርጌ ሽማግሌ ሲልክ በአባቴ ቦታ የተቀመጡት አያ ይስማው ናቸው፤ እናቴ ናት ያስቀመጠቻቸው። የሠርጌ ዕለት የአንዳርጌ ዘመዶች ከሞጣ አውቶቡስ ተከራይተው መጡ። የውሻ ሰዎቹ ሁሉ ከነውሾቻቸው ወጥተው ነበር፤ ውሾቹ ዳሱ ውስጥ አልገቡም፣ በር ላይ ግን እንደ ዘብ ተሰልፈዋል። ምርቃቱ አልቆ፣ እናቴ ጉንጬን ስማኝ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። ከበሮው እየተመታ የከተማውን ዳር ስናልፍ ከኋላችን ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ዞር ብዬ በኋላው መስኮት አየሁ። ባለቤቶቻቸው ለቀዋቸው ወይ አምልጠው፣ የቢቸና ውሾች በሙሉ አቧራውን ሰንጥቀው አውቶቡሱን ተከትለው ይሮጣሉ። ከኋላቸው እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች ትስቃለች፣ አያ ይስማው በትራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተዋል።

የአንዳርጌ አጎት የዝንብ ጭራቸውን ይዘው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። በመስኮቱ አይተው በጣም ተገረሙ።

“ሙሽሪት፣ እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?” አሉኝ።

“የኔ ወገን ናቸው” አልኳቸው።